ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የረጅም ሩጫ አጋር እፈልጋለሁ

የፒያሳው መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ነኝ፤ የማስተምረው ፒያሳ፣ የምኖረው ቧንቧ ውሃ። ሐዋሳ ላይ ለሚካሄደው የግማሽ ማራቶን ውድድር እየተዘጋጀሁ ነው። 10 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው እጨርሳለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ግን ብቻዬን መግፋት ከበደኝ። 14፣ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ስደርስ እግሬ እየቻለ ልቤ ወደ ቤት ይዞራል።

የምፈልገው ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መውጣት የሚችል፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን አብሮኝ የሚሆን፣ ኪሎ ሜትሩን ከ5፡40 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ውስጥ የሚሮጥ ነው። ወንድም ሴትም ቢሆን ችግር የለብኝም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መውረድ እችላለሁ። አደራ፣ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ጦሳ ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

አለሁ ወንድሜ። ግን እኔ በ4፡30 ነው የምሮጠው፣ 6 ደቂቃ ለኔ እርምጃ ነው። ካልከበደህ አብረን እንሞክር።

የፒያሳው መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

አመሰግናለሁ። በ4፡30 ግን ሁለት ኪሎ ሜትርም አልከተልህም። የኔን ያህል የሚሮጥ ሰው ቢገኝ ይሻለኛል።

የሆጤ አሰልጣኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እንደምን አመሻችሁ ልጆቼ። ሆጤ ሜዳ ላይ ብዙ ልጆች አሯሩጫለሁ፤ ከመለያየታችሁ በፊት የምላችሁ ነገር አለ።

መምህር፣ የጠየቅኸው ፍጥነት ለረጅም ሩጫ አይሆንም። 10 ኪሎ ሜትርን አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል የሚጨርስ ሰው 5፡40 እና 6 ደቂቃ ማለት ውድድሩ ነው። በየሳምንቱ እየተወዳደርክ 15ኛው ላይ ልብህ ቢዞር አይገርምም። ረጅሙን በ6፡45 እና በ7፡15 መካከል ሂደው። ደሴ ደግሞ ያለ አቀበት ጎዳና የላትም፣ ስለዚህ ሰዓቱን ትተህ ትንፋሽህን ስማ፤ ዓረፍተ ነገር ጀምረህ ሳትቆራርጥ መጨረስ ካልቻልክ ፈጥነሃል። ለዚህ ለዚህ ነው ሰው የሚያስፈልገው። ብቻውን የሚሮጥ ከማን ጋር ያወራል?

ሁለተኛው ጉዳይ። ሰው ሁሉ አጋር ሲፈልግ እኩዩን ይፈልጋል። እኔ ያየሁት ግን እኩያሞች ቶሎ እንደሚለያዩ ነው። ጠዋቱ ሁሉ ውድድር ይሆንባቸዋል። አንዱ ግማሽ እርምጃ ይቀድማል፣ ያኛው ይደርስበታል፣ ይሄኛው ደግሞ ይጨምራል፤ በ7 ደቂቃ የተባለው ሩጫ በ5 ያልቃል። ሁለት ወር ሳይሞላ አንዱ ባቱን ይዞ ያነክሳል፣ ሌላው ስልክ ማንሳት ያቆማል። አጋር ማለት ሰዓት የሚያከብር፣ የሚቀር ከሆነ ማታውኑ የሚናገር፣ ቀስ በል ሲባል የማይከፋ ሰው ነው። ይህ ባሕርይ ከሌለ ምንም ማድረግ አይቻልም። ፍጥነት ግን በዘዴ ይቻቻላል።

ቀላል ቀን ላይ ፈጣኑ በዘገምተኛው ፍጥነት ይሄዳል። ለሱ እረፍት ነው፣ ለዚያኛው ሥራ ነው። ጠንካራ ቀን ላይ ርቀቱን ተዉትና በሰዓት ሥሩ። ሜዳ ገብታችሁ አራት አራት ደቂቃ ብትሮጡ ጦሳ ማዶ 1,000 ሜትር ይሄዳል፣ መምህር 750 አካባቢ ይደርሳል። አራት ደቂቃው ሲያልቅ ሁለታችሁም ባላችሁበት ትቆማላችሁ፣ ተገናኝታችሁ ዱብ ዱብ እያላችሁ ታርፋላችሁ፣ አንድ ላይ ትነሳላችሁ። መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ዘገምተኛው ቀድሞ ይውጣ። የ8 ኪሎ ሜትር ዙር አንዱ በ6፣ ሌላው በ4፡30 ቢሄዱ ልዩነታቸው ድፍን 12 ደቂቃ ነው። መምህር 12 ደቂቃ ቀድሞ ከተነሳ ማለቂያው ላይ ትከሻ ለትከሻ ትገጥማላችሁ። አንዱ የሚያሳድደው፣ ሌላው የሚያመልጠው ሰው አገኘ ማለት ነው።

ጦሳ ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በ7 ደቂቃ ስሄድ እግሬ ይታሰራል። ፍጥነቴ አይወርድም?

የሆጤ አሰልጣኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡38

አይወርድም ልጄ፣ ጠንካራውን ቀን በትክክል ከሠራህ። ቀላሉን ቀን ያጠነከረ ሰው ነው ጠንካራው ላይ የሚደክመው። ትልልቆቹ አትሌቶቻችን ጫካ ውስጥ ተሰልፈው ከዛፍ ዛፍ እየተጠማዘዙ ሲሄዱ አይተህ ከሆነ፣ የሚመራው ሰው ፍጥነቱን ለራሱ ብሎ አይመርጥም። የኋላው ሰው እንዳይበጠስ ብሎ ነው የሚመርጠው። የኋላው የፊተኛውን እግር አይቶ ይረግጣል፣ ሥሩንና ድንጋዩን መርጦ የሚያሳልፈው መሪው ነው።

በ1996 ዓ.ም. የአቴንስ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ላይ ኃይሌ ጉዳት ይዞ ነበር የገባው። ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ሁሉን ትተው መሄድ ሲችሉ እየዞሩ ያዩት ነበር፤ እንዲደርስባቸው ብለው ፍጥነት ቀንሰዋል። አልሆነም፣ ኃይሌ 5ኛ ወጣ። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን አመጡ። ኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ እንዲህ ማድረግ ከተቻለ ቦሩ ሜዳ ላይ በ7 ደቂቃ መሮጥ አያቅትህም።

የሐረጎ ብስክሌተኛ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ጋሼ፣ ስለ ሩጫ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ለኛ ለብስክሌተኞች ግን እንዳለ አይሠራም፣ እሱን ልጨምር፤ እዚህ ውይይት ላይ ብስክሌተኛም አይጠፋም ብዬ ነው።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ደካማው ከጠንካራው ጎማ ጀርባ ከተለጠፈ ነፋሱን የሚሰብርለት የፊተኛው ነው። ከኋላ ያለው ከድካሙ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ስለዚህ አቅማቸው የማይመጣጠን ሁለት ሰዎች ያለ ምንም ዘዴ አብረው ይሄዳሉ፤ ጠንካራው ሁልጊዜ ፊት ይሁን፣ አለቀ። ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ አቀበት ላይ ሲደረስ ግን ጨዋታው ይቀየራል። አቀበት ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ የሚሰበር ነፋስ የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ነው የሚጎትተው። አቀበት ላይ ሰው ለመጠበቅ የሚሞክር ሁለቱንም ያደክማል። የኛ ሕግ ቀላል ነው፦ አቀበቱን ሁሉም በራሱ አቅም ይወጣል፣ ላይ የደረሰ ጃኬቱን ለብሶ ይጠብቃል።

ስትወርዱ ግን መለያየት የለም። ክረምት ላይ ሐረጎ ጉም ሲለብስ ከፊትህ ያለው ጠመዝማዛ አይታይም፣ የሲኖትራኩ ፍሬን ሽታ ነው ቀድሞ የሚደርስህ። የኋላ መብራት የሌለው ሰው ከኔ ጋር አይወርድም። ሌላው ደግሞ፣ አቀበት ላይ የጭነት መኪና ጀርባ ይዘው የሚወጡ ልጆች አሉ፤ እባካችሁ ተዉ። መኪናው ማርሽ ሲቀይር በአንድ እጅ የተያዘ ብስክሌት ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ኮምቦልቻዊት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

ውይይቱን ሳነብ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ነበር። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት ነው የምሠራው። አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። የጀመርኳቸው አጋሮች ሁሉ መጀመሪያ እሺ ይላሉ፣ የሌሊቱ ሳምንት ሲመጣ ይጠፋሉ። ብቻዬን እንዳልሮጥ ደግሞ ሴት ነኝ። ጎህ ሳይቀድ ቦርከና አካባቢ ስሮጥ ባጃጅ አጠገቤ ፍጥነት ቀንሶ አብሮኝ ይሄዳል። ምንም አይሉም አንዳንዴ፤ ዝም ብለው አብረው ይነዳሉ። ይሄን ወንዶቹ አጋር ስትፈልጉ አይታሰባችሁም፣ እኛ ግን ከኪሎ ሜትርና ከሰዓት በፊት የምናስበው እሱን ነው።

ፍጥነት አልመርጥም። ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ወይም ቡድን ከሆነ ቢያንስ አንዲት ሴት ያለችበት።

የሰኞ ገበያዋ ነርስ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45

እህቴ አብሽሪ፣ እኔ አለሁ። ደሴ ነኝ፣ እኔም ተረኛ ስለሆንኩ ሰዓትሽ የተለዋወጠ ቢሆን ይገባኛል። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የምናደርገውን ልንገርሽ። የወሩ የሥራ ፕሮግራም እንደወጣ የሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀምጠን የሚገጥሙትን ቀኖች ብቻ እናከብባለን። አንዳንድ ሳምንት ሦስት ይገጥማል፣ አንዳንድ ሳምንት አንድ። የተከበበው ቀን አይነካም። ያልተከበበው ላይ ማንም ማንንም አይወቅስም። ብዙ ሰው አጋሩን የሚያጣው በየቀኑ እንገናኝ ብሎ ቃል ስለሚገባ ነው።

ስለ ደኅንነቱ ደግሞ ለሁሉም ሴቶች፦ ከማታውቁት ሰው ጋር የመጀመሪያው ቀን ሰው ባለበት ሜዳ ላይ ይሁን፣ በቀን ብርሃን። ስትወጡ ያላችሁበትን ቦታ በቴሌግራም ለእህት ወይም ለእናት ላኩ፣ እስክትመለሱ እንዳይጠፋ አድርጋችሁ። በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ አትስሙ። ወንዶቹም ቅር እንዳይላችሁ፤ አንዲት ሴት የመጀመሪያው ቀን ወንድሟን ይዛ ብትመጣ ውሃ የሚይዝላችሁ ሰው አገኛችሁ ማለት ነው።

የሌሊት ሺፍት የወጣሽ ቀን ግን ጠንካራ ሩጫ አትሥሪ። መጀመሪያ ተኚ፣ ከዚያ ወደ ማታ ቀለል ያለ። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ቶሎ ይጎዳል።

የፒያሳው መምህር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

እህቶቼ፣ ያነሳችሁት ጉዳይ እኔ መጀመሪያ ላይ ልጽፈው የሚገባ ነበር። ቅዳሜ ላይ ብንሰባሰብ ሁላችንም የምናተርፍ ይመስለኛል። ጥያቄ አለኝ፦ ቅዳሜውን ደሴ ላይ እናድርገው ኮምቦልቻ? የትኛው ይጠቅማል?

የሐረጎ ብስክሌተኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡44

ኮምቦልቻ! ላይ ተኝቶ ታች መሥራት ይባላል፣ ዓለም ሁሉ የሚመኘው ነው። እኛ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ አለን።

የሰኞ ገበያዋ ነርስ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ትንሽ ላብራራው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። ደሴ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነት ለዚህ ቀይ የደም ሕዋስ በመጨመር መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 39 ሯጮችን ለአራት ሳምንት በሦስት ከፍሎ አይቷል። 2,500 ሜትር ላይ እያደሩ 1,250 ሜትር ላይ ወርደው የሠለጠኑት 5,000 ሜትር ላይ ሰዓታቸውን አሻሻሉ፤ ላይ አድረው ላይ የሠሩት እንደዚያ አላሻሻሉም። ምክንያቱ ከፍታው ላይ በቂ ፍጥነት መሮጥ አለመቻላቸው ነው።

ግን ልብ በሉ፣ እነዚያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ኮምቦልቻም 1,250 አይደለችም። እኛ ደሴ ተወልደን ያደግን ሰዎች ደማችን ከፍታውን ለምዶታል። ከኮምቦልቻ የምናገኘው ጥቅም ፍጥነቱ ነው። ደሴ ላይ ትንፋሽ የሚያሳጣህ ፍጥነት እዚያ ትንሽ ይቀልልሃል፣ መንገዱም ሜዳ ስለሆነ እግርህ በፍጥነት መዞር ይለምዳል። ሐዋሳም ከኮምቦልቻ ብዙ የማይርቅ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ጠንካራውን ኮምቦልቻ፣ ቀላሉንና ረጅሙን ደሴ። ኮምቦልቻ ግን ይሞቃል፣ ውሃ አትርሱ።

የሆጤ አሰልጣኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡41

እሰይ የኔ ልጅ። እንዲህ ነው።

የሸዋ በር ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡02

አሰላሙ ዓለይኩም። አንድ ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ ጾም። የመረጣችሁት አጋር የሚጾመውን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ረመዳን ላይ እኔ የምሮጠው ፀሐይ ልትገባ 40 ደቂቃ አካባቢ ሲቀር ነው፣ በጣም ቀላል፤ ሳልቀመጥ ማፍጠሪያው ይደርሳል። ፈጣን ሥራ ካለ ካፈጠርኩ በኋላ ምግቡ ሲረጋ። ከሱሁር በኋላ ጠዋት መሮጥ ግን አይመከርም፣ ጥማቱን ቀኑን ሙሉ ይዘኸው ትውላለህ።

አብሮኝ የሚሮጠው ልጅ ክርስቲያን ነው። በ2017ም በ2018ም ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ነበር። እሱ እስከ 9 ሰዓት አይቀምስም፣ እኔ እስከ መግሪብ። እሱ 9 ሰዓት አልፎ ውሃ መጠጣት እየተፈቀደለት ፊቴ አንድ ቀን ጠርሙስ ከፍቶ አያውቅም። ቅዳሜ ሩጫው ሲያልቅ ወደ ቤት ይዤው እሄዳለሁ፤ እናቴ ለሱ ብላ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሆነ ነገር ለብቻ ታስቀምጥለታለች፣ ለእኔ ቴምርና ሾርባ። እንዲህ ያለውን ሰው በፍጥነት አልለውጠውም።

እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ላለባችሁ፣ ዓርብ ጁምዓ ላለብን፣ ቅዳሜ ለሁሉም ይመቻል።

ጦሳ ማዶ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡30

የሸዋ በር ልጅ አላህ ይስጥህ፣ ደስ የሚል ነገር ጻፍክ። እኔም ቅዳሜ አለሁ። 7 ደቂቃውንም እሞክረዋለሁ።

የሐይቅ ዋናተኛ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡15

ዋና የሚፈልግ ካለ ሐይቅ ላይ ነኝ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሩጫ ብቻህን ብትሮጥ ትደክማለህ እንጂ ሌላ አይመጣም፤ ሐይቅ ውስጥ ግን ማንም ጎበዝ ቢሆን ብቻውን አይገባም። አንዱ ሲዋኝ ሌላው ዳር ሆኖ ያያል፣ ዓይኑን ስልክ ላይ ሳይተክል።

የፒያሳው መምህር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንድ ሰው ስፈልግ ቡድን አገኘሁ። ጥያቄ አላለቀብኝም ግን። ቧንቧ ውሃ በኩል ስወጣ ውሻ በዝቷል፣ ሰው አብሮኝ ቢኖርም እንኳ ያስቸግራል። ምን ታደርጋላችሁ?

የሆጤ አሰልጣኝ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡48

ሩጫውን አቁም። የሚሮጥ ነገር ነው የሚያባርረው። ፊትህን ወደሱ አድርገህ፣ ዓይን ዓይኑን ሳታፈጥበት፣ በእርምጃ እለፍ። ሁለት ከሆናችሁ ተጠጋግታችሁ እለፉ፣ አንዱ ቢሸሽ ሌላው ላይ ይመጣል። ጎህ ሳይቀድ ወደ ባሕር ዛፉ አትውጡ፣ እዚያ ጅብም አለ፤ ብርሃን እስኪሆን አስፋልቱ ላይ አሟሙቁ።

የሰኞ ገበያዋ ነርስ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡55

ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት። ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ለክትባት። ውሻው ባለቤት ቢኖረውም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ የተከተበ ግን ይተርፋል።

ኮምቦልቻዊት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ከሆነ እኔ መንገዱን አውቃለሁ። ከባድ መኪና የማይበዛበት፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ሜዳ አለ፤ ጋሼ ያሉትን አራት አራት ደቂቃ ለመሥራት ይመቻል። ሲያልቅ ቤታችን ቅርብ ነው፣ በሶ በጥብጬ እጠብቃችኋለሁ፣ ከነማሩ። እናቴም ማን ማን እንደሆናችሁ ማየት ትፈልጋለች።

የፒያሳው መምህር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡26

ተስማማን። ከደሴ የምንወርደው እኔ፣ ጦሳ ማዶ፣ ነርሷና የሸዋ በር ልጅ ነን። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዘን እንወርዳለን። የሐረጎ ብስክሌተኛ በራሱ ይመጣል መሰለኝ። ጋሼ፣ እርስዎስ?

የሆጤ አሰልጣኝ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

እመጣለሁ፣ ሰዓት ለመያዝ። የሮጣችሁበትን ርቀት የምጽፍበት ደብተር ይዤ ነው የምመጣው፣ እያንዳንዱ የራሱን 750ና 1,000 እንዲያውቀው። ስልክ ቁጥራችሁን እዚህ አትለጥፉ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።

ኮምቦልቻዊት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡02

ጋሼ በውስጥ ልኬልዎታለሁ። ዓርብ የሌሊት ሺፍት የለኝም፣ በደንብ ተኝቼ ነው የምመጣው። ከሚኒባስ ስትወርዱ ደውሉልኝ፣ ከወንድሜ ጋር መጥተን እንወስዳችኋለን።